የፍልስፍናን ቃል ከእስፓንያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝ ቋንቋ ስለ መመለስ

የነጋዴን ደብዳቤ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ቢሳሳት ስሕተቱ ሳይውል ሳያድር ይገለጣል። ዕቃው ጐድሎ ወይም ዋጋው በዝቶ ይገኛል፤ ባለ ገንዘቡም ይጮኻል። የፈላስፋን ቃል የሚመልስ ሰው ቢሳሳት ግን የሚጮኽበት የለም። አንባቢው የተሳሳተውን ቃል እንደ እውነተኛ ቃል ተቀብሎ፣ በእርሱ ላይ አሳቡን ሠርቶ፣ ለሌላው ደግሞ ያስተምራል። ደራሲውም ባልተናገረው ነገር ይመሰገናል፣ ባልተናገረውም ነገር ይነቀፋል። ስለዚህ ከትርጓሜ ሥራ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ስሕተቱ ድምፅ የሌለው ሥራ ነው።

ይህ እንዲህ ሲሆን፣ የእስፓንያን ሊቃውንት መጻሕፍት ወደ እንግሊዝ ቋንቋ መመለስ ቀላል ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ምክንያታቸውም ይህ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የፍልስፍናን ቃል ያገኙት ከአንድ ምንጭ፣ ከላቲን ነው፤ የእስፓንያ ቋንቋ በልደት፣ የእንግሊዝ ቋንቋ በብድር። እስፓንያዊው «ናሲዮን» ሲል እንግሊዛዊው «ኔሽን» ይላል፤ ያ «ሊበርታድ» ሲል ይህ «ሊበርቲ» ይላል፤ ያ «ሱስታንሲያ» ሲል ይህ «ሰብስታንስ» ይላል። እንግዲህ የቃሉን ጅራት ቈርጦ ሌላ ጅራት መቀጠል ይበቃል፤ ጭንቁ ያለው ከጀርመን ወይም ከግሪክ ቋንቋ ለሚተረጕም ሰው ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ ሲመረምሩት ግን ሐሰት ሆኖ ይገኛል። እንዲያውም የቃሎቹ በመልክ መመሳሰል ለተርጓሚው ረዳት ሳይሆን ወጥመድ ነው። በማያውቀው አገር የሚሄድ መንገደኛ ዐይኑን ከፍቶ ይሄዳል፤ መንገዱን የሚያውቀው የሚመስለው ግን ሳያይ ሄዶ ገደል ይገባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለውም ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ግእዝ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ሀገር» በግእዝ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን «አገር» ሲባል ከተማውና ገጠሩ፣ ወንዙና ተራራው ሁሉ ይገባበታል። የግእዙን «ሀገር» አይቶ ሳይመረምር በአማርኛው «አገር» የሚተረጕም ተማሪ መልክን አይቷል፣ ሥራን ግን አላየም። ሁለት እኅትማማች ከአንድ እናት ተወልደው ለሁለት ሩቅ ቤት ቢዳሩ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ መልካቸው ያው ሆኖ ሳለ ንግግራቸውና ልማዳቸው የየቤታቸው ይሆናል። የእስፓንያና የእንግሊዝ ቃሎችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የዚህ ክርክር ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የፍልስፍና ቃል የሚተረጐመው በመልኩ ሳይሆን ደራሲው በሰጠው ሥራ ነው።

ለካህናት ቅርብ የሆነው ምስክር ይቅደም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ቴሬሳ ዘአቪላ የተባለችው የእስፓንያ መነኵሲት በ1577 ዓመት በጻፈችው መጽሐፍ ነፍስን ብዙ ክፍል ባለው ግንብ መስላ፣ ክፍሎቹን «ሞራዳስ» ብላቸዋለች። «ሞራዳ» ማለት ማደሪያ፣ መኖሪያ ማለት ነው። ኤድጋር አሊሰን ፒርስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1946 ባሳተመው ትርጓሜ «ማንሽንስ» ብሎ መለሰው። ይህ ቃል ቀድሞ መልካም ነበረ፤ በ1611 በታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 14፣ በአብ ቤት ስላለው መኖሪያ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። ነገር ግን ዘመን ሲለወጥ የቃሉም ሥራ ተለወጠ፤ ዛሬ እንግሊዛዊ «ማንሽን» ሲሰማ የሚያስበው የባለጸጋን ታላቅ ቤት ነው። ካቫናና ሮድሪገስ የተባሉት ሁለት መነኰሳት በ1979 ባወጡት ትርጓሜ ግን መኖሪያ ስፍራዎች ማለት በሆነው «ድዌሊንግ ፕሌስስ» በሚለው ጥንድ ቃል መለሱት። ቃሉ ረዘመ፤ ነገሩ ግን ቀና።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስተው ይህችው መነኵሲት የምትወደው «ሬኮሒሚየንቶ» የሚለው ቃል ነው። የተበተነውን መሰብሰብ ማለት ነው፤ እርስዋም በጸሎት ጊዜ የነፍስ ኃይላት ከውጭው ነገር ተመልሰው ወደ ውስጥ መግባታቸውን ትናገርበታለች። በእንግሊዝኛ «ሬኮሌክሽን» ተብሎ መመለስ ተለምዷል። ቃሉ በገዳማውያን ዘንድ የመሰብሰብን ትርጕም ይዞ ኖሯል፤ በከተማ ለሚኖረው አንባቢ ግን ያለፈውን ነገር ማስታወስ ማለት ነው። እንግዲህ መነኵሲቲቱ ተሰብሰቡ ስትል፣ አንባቢው አስታውሱ ያለች ይመስለዋል። ተሰብስቦ መቆምና ያለፈውን ማስታወስ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ ያለፈውን የሚያስታውስ ሰው በጸሎት መካከል አሳቡ የተበተነበት ሰው ሊሆን ይችላልና። እነሆ፣ መልኩ እኅት የሆነ ቃል መድኃኒቱን ወደ በሽታው ለወጠው።

ከጸሎት መጽሐፍ ወደ ፍልስፍና መጽሐፍ ሲታለፍ ጕዳቱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በእስፓንያ ቋንቋ «ኮንሲየንሲያ» የሚባል ቃል አለ። ሰው ክፉና በጎን የሚለይበትን፣ ሲበድልም የሚወቅሰውን ዳኛ ይጠሩበታል፤ ደግሞ ሰው መኖሩን የሚያውቅበትን፣ ሲነቃ የሚመለስለትን፣ ሲተኛ የሚለየውን ዕውቀት ይጠሩበታል። የእንግሊዝ ቋንቋ ግን እነዚህን ነገሮች ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያውን «ኮንሸንስ»፣ ሁለተኛውን «ኮንሸስነስ» ይለዋል። አማርኛ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝ ይልቅ ወደ እስፓንያ ይቀርባል፤ «ኅሊናው ወቀሰው» ሲባል ዳኛው ነው፣ «ኅሊናውን ሳተ» ሲባል ግን ራሱን የሚያውቅበት ዕውቀት ነውና።

በ1864 በቢልባኦ ተወልዶ በ1936 በሳላማንካ የሞተው፣ የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ አለቃና የግሪክ ቋንቋ መምህር የነበረው ሚጌል ደ ኡናሙኖ መላ አሳቡን የሠራው በዚህ ቃል ላይ ነው። የእርሱ ጭንቀት ሰው ሲሞት ራሱን የሚያውቅበት ኅሊና ይጠፋልን ወይስ ይኖራል የሚል ነው። በመልክ የሚተረጕም ሰው በየስፍራው «ኮንሸንስ» እያለ ቢጽፈው ስለ ሞትና ስለ ዘለዓለም ሕይወት የተደረገው ጩኸት ስለ ኀጢአት የተደረገ ስብከት በሆነ ነበር። በየስፍራውም «ኮንሸስነስ» ብሎ ቢጽፈው የነፍስ ዳኛ ከመጽሐፉ በወጣ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ መዝገበ ቃላት አይረዳም፤ የሚረዳው ዐረፍተ ነገሩ የቆመበትን ክርክር ማወቅ ብቻ ነው።

የዚህ ደራሲ ዋና መጽሐፍ ከ1914ቱ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣው፣ በሰዎችና በሕዝቦች ዘንድ ስላለው የሕይወት አሳዛኝ ስሜት የሚናገረው ነው። ክሮፎርድ ፍሊች በ1921 ወደ እንግሊዝ ቋንቋ መለሰው፤ በዚህም መጽሐፍ የበጎ ተርጓሚ ሥራ ምን እንደ ሆነ ይታያል። በአርእስቱ ያለው «ሴንቲሚየንቶ» በመልኩ «ሴንቲመንት» የምትባል የእንግሊዝ እኅት ነበረችው። ፍሊች ግን አልወሰዳትም፤ በእንግሊዞች ጆሮ ልፍስፍስነትና ዕንባ የምታሰማ ቃል ሆናለችና። ስለዚህ «ሴንስ» የሚለውን ቃል አኖረ። ይህ ቃል ወደ ማስተዋል ስለሚያዘነብል የስሜቱን ትኵሳት ጥቂት ያበርደዋል ብሎ የሚነቅፍ ሰው ቢኖር ነቀፋው ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ቢሆንም ተርጓሚው ዐውቆ መረጠ እንጂ ተታልሎ አልወደቀም። እንዲሁም እንግሊዞች ሥጋ የለበሰ ሰው ለማለት ሲፈልጉ ሥጋና ደም ማለት ልማዳቸው ሲሆን፣ ደራሲው በቋንቋው ልማድ ሥጋና አጥንት ስላለ ተርጓሚው አጥንቱን አልጣለም። ደራሲው የእንግሊዝን ቋንቋ ያውቅ ስለ ነበረ ትርጓሜውን ራሱ መረመረው፤ በመቅድሙም የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በአንዳንድ ነገር ከእስፓንያው ይልቅ የታረመ መሆኑን መሰከረ። ተርጓሚው ሲጠይቅ ደራሲው የራሱን ስሕተት አገኘ ማለት ነው።

ይህ መጽሐፍ በ1972 በአንቶኒ ኬሪጋን ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ በአርእስቱ ያለው «ፑዌብሎስ» የሚለው ቃል ተለወጠ። ፍሊች «ፒፕልስ»፣ ማለት ሕዝቦች ብሎት ነበር፤ ኬሪጋን ግን «ኔሽንስ» አለው። «ፑዌብሎ» በእስፓንያ ቋንቋ ሕዝብ ማለት ነው፣ መንደርም ማለት ነው፤ በአንድ ቀዬ አብሮ የሚኖረውን፣ በአንድ ደወል የሚሰበሰበውን ወገን ያሳስባል። «ኔሽን» ግን ሰንደቅ ዓላማና መንግሥት ያለውን አገር ያሳስባል። ኬሪጋን በሌላ ስፍራ የሚመሰገንበት ሥራ ቢኖረው፣ በዚህ ቃል ግን የመንደሩን ሰው ከቤቱ አውጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት አስገባው። ስለ መንግሥታት ያልተጻፈ መጽሐፍ በደጁ ላይ የመንግሥታት ስም ተለጠፈበት።

ሁለተኛው የእስፓንያ ሊቅ፣ በ1883 ተወልዶ በ1955 የሞተው ሆሴ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት፣ ስለዚህ ነገር ከሁሉ የበለጠ ምስክር ይሰጣል። ይህ ሰው አዲስ የፍልስፍና ቃል ከመፍጠር ይልቅ ሰው በየቀኑ የሚናገረውን ቃል አንሥቶ፣ የተረሳውን ሥሩን ቈፍሮ ያሳያል። በ1914 ባወጣው በመጀመሪያው መጽሐፉ፣ ሰው ማለት እርሱ ብቻ ሳይሆን እርሱና «ሲርኩንስታንሲያው» መሆኑን አስተማረ። ይህም ቃል በሥሩ በዙሪያ የቆመ ማለት ነው፤ አገሩ፣ ዘመኑ፣ ሥጋው፣ ወገኑ፣ በፊቱ ያለው ተራራ ሳይቀር በእርሱ ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝኛ ግን «ሰርከምስታንስ» የሚለው ቃል በብዙ ቍጥር ሲነገር የሰውን የኑሮ ሁናቴ፣ ገንዘቡንና ዕዳውን፣ ወይም አንድ ነገር የተፈጸመበትን አጋጣሚ ያመለክታል። እንግዲህ አንባቢው ሰው የገንዘቡና የአጋጣሚው ፍሬ ነው የተባለ መስሎት ያልፋል፤ ፈላስፋው ግን ያለው፣ ሰው በዙሪያው የቆመውን ካላዳነ ራሱን አያድንም ነው። የመጀመሪያው ትርጕም ሰውን ሰነፍ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ሥራ ያሸክመዋል።

በ1939 ይኸው ፈላስፋ ስለ «ኤንሲሚስማሚየንቶ» እና ስለ «አልቴራሲዮን» የሚናገር ድርሰት አወጣ። የመጀመሪያው ሰው ከሁካታ ተመልሶ ወደ ራሱ ውስጥ ገብቶ ማሰቡ ነው። ሁለተኛው በላቲን ሌላ ከሚለው ቃል የወጣ ሆኖ፣ ሰው ከራሱ ወጥቶ በውጭ ያለው ነገር እንደ ፈለገ የሚያናውጠው መሆኑ ነው። ፈላስፋው ለሁለተኛው በእንስሳት ማኖሪያ ያሉትን ዝንጀሮዎች ምሳሌ አድርጎ ይሰጣል፤ ዘወትር ወደ ውጭ እየተመለከቱ፣ ኮሽታው ሁሉ እያስደነገጣቸው ይኖራሉና። ሰውም ወደ ራሱ መግባትን ቢተው እንደዚያው ይሆናል። «አልቴራሲዮን» በእንግሊዝኛ «ኦልተሬሽን» የምትባል እኅት አለችው፤ እርስዋ ግን ልብስ ሰፊ ቀሚስ ሲያሳጥርና ሲያጠብ የምትነገር ቃል ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጓሜ ሁለቱንም ቃሎች ሸሽቶ አርእስቱን ‹ራስና ሌላው› በሚል አሳብ መለሰው። ይህም ከመልክ ወጥመድ አመለጠ፣ ግን ሌላ ጕድጓድ ገባ። ፈላስፋው የተናገረው ስለ ሁለት እንቅስቃሴ ነበር፤ አርእስቱ ግን ስለ ሁለት ሰዎች የሚናገር መሰለ። ወደ ራስ መግባትና ከራስ መውጣት የነበረው፣ የአንድ ሰውና የባልንጀራው ነገር ሆነ።

ተርጓሚው ዊላርድ ትራስክ ግን የሚመሰገን ሰው ነው። ይኸው ድርሰት የመጀመሪያ ምዕራፍ የሆነበት መጽሐፍ በ1957 በእርሱ እጅ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ፣ የምዕራፉ አርእስት በራስ ውስጥ መሆንና ከራስ ውጭ መሆን የሚል ትርጕም ባላቸው ሁለት ረዣዥም ሐረጎች ተጻፈ። ሐረጎቹ አያምሩም፤ በአንድ እስትንፋስም አይነገሩም። ነገር ግን እውነተኞች ናቸው። አንድ ቃል በአንድ ቃል ካልተተረጐመ ነውር ነው የሚሉ ሰዎች ከዚህ ይማሩ። ደራሲው በአንድ ቃል የጠቀለለውን ተርጓሚው በአራት ቃል ቢዘረጋው ዕዳውን ከፈለ እንጂ አላባከነም፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደ ተባለ፣ አጭር ቃል ፈልጎ አሳብ ካፈሰሱ በኋላ መልቀም ይብሳል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ታላላቅ ቃሎች ነው። ከሁሉ የሚረቀው ችግር ግን ማንም እንደ ፍልስፍና በማይቈጥራቸው በጥቃቅን ቃሎች ይገኛል። የእንግሊዝ ቋንቋ መሆንን የሚናገርበት አንድ ግሥ ብቻ አለው፤ የእስፓንያ ቋንቋ ግን «ሴር» እና «ኤስታር» የሚባሉ ሁለት ግሦች አሉት። ስለ አንድ ሰው «ሊስቶ» የሚለውን ቃል በ«ሴር» ቢናገሩት ብልህ ነው ማለት ይሆናል፤ ያንኑ ቃል በ«ኤስታር» ቢናገሩት ዝግጁ ነው ማለት ይሆናል። የመጀመሪያው ግሥ ሰውዬው ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው በምን ሁናቴና በየት እንዳለ ይናገራል። አማርኛም «ነው» እና «አለ» የሚሉ ሁለት ቃሎች አሉት፤ ድንበራቸው ከእስፓንያው ጋር በሁሉ ባይገጥምም፣ አማርኛ ተናጋሪ መሆንና መኖር ሁለት መንገድ እንዳላቸው ለመረዳት አይቸገርም።

ኦርቴጋ በ1940 ባወጣው መጽሐፍ አሳብንና እምነትን የለየው በዚህ ግሥ ነው። አሳብን ሰው ይይዘዋል ይላል፤ በእምነት ውስጥ ግን ሰው አለ። ከቤቱ የሚወጣ ሰው ከደጁ ውጭ መንገድ ይኖር ይሆን ብሎ አያስብም፤ በመንገዱ መኖር እምነት ውስጥ ሆኖ እግሩን ያነሣል። እንግዲህ ሰው እምነትን አይዝም፤ እምነት ሰውን ይይዘዋል። የእንግሊዝ ቋንቋ ልማድ ግን ሰው እምነትን ይይዛል ማለት ነው። ተርጓሚው ለቋንቋው ውበት ብሎ ይህን ልማድ ቢከተል፣ ዐረፍተ ነገሩ ለስላሳ ይሆናል፤ ፈላስፋው አይደለም ያለውም ነገር ነው ተብሎ ይነገርበታል። አንባቢውም አንዳች አይጠራጠርም፤ የተጣመመው ነገር በቀና ቋንቋ ተነግሮታልና። ሻካራ ሆኖ እውነት ከሚናገርና ለስላሳ ሆኖ ከሚዋሽ ትርጓሜ የትኛው እንደሚሻል አስተዋይ ሰው ይፍረድ።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ትሎች የቃል ጨዋታ ነው የሚል ሰው ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ያስታውስ። በ4ኛው መቶ ዓመት ብዙዎች የግሪክ ሊቃውንት ስለ ሥላሴ ሲናገሩ «ኡሲያ» አንድ፣ «ሂፖስታሲስ» ሦስት ይሉ ነበር፤ ይኸውም በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት ማለት ነው። በላቲን ደግሞ «ሱብስታንሲያ» የሚል ቃል አለ፤ በአሠራሩ የ«ሂፖስታሲስ» እኅት ነው፤ ሁለቱም ከበታች የቆመ ማለት ናቸውና። በሥራው ግን ላቲኖች የ«ኡሲያ» ምትክ አድርገው ባሕርይን ይጠሩበት ነበር። ስለዚህ ሦስት ሂፖስታሲስ ሲባል የሰማ ላቲናዊ ሦስት አማልክት የተባለ መሰለው፤ አንድ ሱብስታንሲያ ሲባል የሰማ ግሪካዊም እንደ ሰባልዮስ ሦስቱ አካላት የተቀላቀሉ መሰለው። በ362 ዓመት በእስክንድርያ አትናቴዎስ በመራው ጉባኤ ሦስት ሂፖስታሲስ የሚሉትንና አንድ ሂፖስታሲስ የሚሉትን አቅርበው በቃላቸው ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቁአቸው፤ በመለሱም ጊዜ እምነታቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። የቃልን መልክ ትቶ ሥራውን መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቢቀር ወንድም ከወንድሙ እንደ መናፍቅ ተቈጣጥሮ በቀረ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌላ ወገን ይነሣል። መተርጐም ይህን ያህል የሚያስፈራ ከሆነ የእስፓንያውን ቃል እንዳለ መተው ይሻላል የሚሉ ናቸው። ሐቪየር ዙቢሪ የተባለው ፈላስፋ፣ አንድ ነገር የሆነውን የሚሆነው ከራሱ መሆኑን ለመናገር «ዴ ሱዮ» ይላል፤ ይህም ቃል በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ሳይተረጐም ይታያል። አንድ ጊዜ ከበቂ ማብራሪያ ጋር እንዲህ ቢደረግ አይነቀፍም። ልማድ ሲሆን ግን ተርጓሚው ሸክሙን ከራሱ አውርዶ በአንባቢው ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። ተርጓሚ የተቀጠረው ያንን ወንዝ ሊያሻግር ነው፤ መንገደኛውን በወንዙ መካከል አቁሞ ጥልቅ መሆኑን ቢነግረው ምን ጠቀመው?

እነዚህ ሰዎች ኦርቴጋን ምስክር አድርገው ይጠሩታል። በ1937 በቦነስ አይረስ ጋዜጣ ባወጣው ድርሰት፣ ትርጓሜ ወደ ሥራው የሚወስድ መንገድ እንጂ ሥራው ራሱ እንዳልሆነ፣ አንባቢውን ወደ ደራሲው ቋንቋ ልማድ መውሰድ እንደሚገባ፣ ውበትም ቢጐድል እንደማያሳፍር አስተምሯልና። ነገር ግን ሰውን በቃሉ ብቻ ሳይሆን በሥራውም መመርመር ይገባል። በ1913 ይኸው ሊቅ የጀርመን ፈላስፎች «ኤርሌብኒስ» የሚሉትን፣ ማለት ሰው በራሱ ሕይወት የኖረውን ነገር፣ በቋንቋው ለመጥራት ቃል አጣ። «ኤክስፔሪየንሲያ» የሚለው የታወቀ ቃል ነበረ፤ ግን የፈተናንና የልምምድን ዕውቀት ሁሉ ስለሚይዝ አልበቃውም። የጀርመኑንም ቃል እንዳለ አልተወውም፤ መኖር ከሚለው ግሥ «ቢቤንሲያ» የሚል አዲስ ቃል ሠራ። ዛሬ ያ ቃል በእስፓንያ መዝገበ ቃላት ገብቶ፣ የፈላስፋውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ይናገርበታል። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ኤክስፒሪየንስ» መባሉ ነው፤ ፈላስፋው አይበቃኝም ብሎ የጣለውን ቃል ተርጓሚዎቹ አንሥተው መለሱለት።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? ተርጓሚው የመጀመሪያውን ገጽ ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቦ ክርክሩ የተንጠለጠለባቸውን ቃሎች ለይቶ ይጻፍ፤ ምሰሶ የሆነው ቃል ጥቂት ነው፣ የቀረው ግድግዳ ነው። ምሰሶ የሆነውንም ቃል ክርክሩ አንድ እስከ ሆነ ድረስ በአንድ ቃል ይመልሰው። በአንደኛው ገጽ በዙሪያ የቆመ፣ በሁለተኛው ሁናቴ፣ በሦስተኛው አካባቢ እያለ ቢለዋውጠው አንባቢው ሦስት ነገር የተነገረው ይመስለዋል። ቃሉ እንደ «ኮንሲየንሲያ» ሁለት ሥራ ያለው ሲሆን ግን በሁለት ቃል ከፍሎ፣ መክፈሉን በመቅድም ወይም በኅዳግ ይናገር። የኢትዮጵያ መተርጕማን «አንድም» እያሉ የአንዱን ቃል ብዙ ምሥጢር በተራ ያወጣሉ፤ የእንግሊዝኛ ተርጓሚ በመጽሐፉ ገጽ ይህ ዕድል የለውም፤ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል። ስለዚህ የተወውን በኅዳግ ማኖር ግዴታው ነው። መተው ድካም ነው፤ መተዉን መደበቅ ግን ማታለል ነው።

ይህ ነገር የእስፓንያዎችና የእንግሊዞች ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው አይኑር። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ኡናሙኖን ወይም ኦርቴጋን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ከእንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛም የሚመልስ ሰው ቢነሣ የሚቀዳው ከዚሁ ነው። በሎንዶን ወይም በኒው ዮርክ የተጣመመ ቃል በአዲስ አበባ ተጣሞ ይጠጣል፤ ምንጩ ሲደፈርስ ከታች ያለው ቀጂ ማሰሮውን ቢያጥብ አይጠቅመውም። እንዲያውም አማርኛ «ኅሊና» በሚለው ቃልና በ«ነው» እና በ«አለ» ልዩነት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለእስፓንያው አሳብ የቀረበ ሆኖ ሳለ፣ በእንግሊዝኛው በኩል ስለ ሄደ ብቻ ያለውን ሀብት ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ማንም ተማሪ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ታላቅ ቃል ባገኘ ጊዜ፣ ይህ ቃል በደራሲው ቋንቋ ማን ነበረ፣ በደራሲውም ቤት ምን ሥራ ነበረው ብሎ ይጠይቅ። የእስክንድርያ ጉባኤ ወንድሞችን ያስታረቀው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ዛሬ አላረጀም።